ጋሽ ኑሩና ትንሿ ካሜራ

የጋሽ ኑሩን ሞት የሰማሁት ሲያትል አጠገብ ባለችው ዴ ሞይን፣ አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ነው። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ ድሮ ኤርፖርት ከእሱ ጋር ይሠራ የነበረ ሰው አየኝና መጣ። ሰላምታችንን በወጉ ሳንጨርስ፣ "ኑርሁሴን እኮ አረፈ። ሚኒሶታ ነው አሉ፤ አልሰማህም?" አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ሰውየው ጥቂት ቆሞ፣ ጋሽ ኑሩ ደግ ሰው እንደነበረ፣ በሥራ ላይ ከማንም ጋር ተጣልቶ እንደማያውቅ፣ አሁንም ድረስ የሱን ስም የሚያነሡ ብዙ እንደሆኑ ነገረኝና መንገዱን ቀጠለ። እኔ ነዳጅ ሳልቀዳ ተመልሼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ፣ "እኔ ስሞት ማን እንዲህ ብሎ ያወራልኛል?" የሚል ነበር። ሐዘኑ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ መኪናውን አስነሥቼ ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ነው። በጋሽ ኑሩ ላይ ያልቀናሁበት ነገር የለም። በሞቱም ቀናሁበት።

ያወቅሁት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሲያትል ውስጥ ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት መሃል ከተማ ያለ አንድ ፊልም ማጠቢያ ቤት እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ኮሌጅ ገብቼ ሲኒማ እማራለሁ። ከሐበሻው መካከል ሲኒማ የሚማር ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንግዳ ሲመጣ "ይሄ ዳንኤል ነው፣ ፊልም ሠሪው" እያሉ ያስተዋውቁኝ ነበር። አንድም ፊልም አልሠራሁም። ስሙ ግን ይጥመኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የኤርፖርት ጽዳት ሠራተኞችን ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ረዥም፣ ቀጭን ሰው ገብቶ መቀበያው ጋ ቆመ። ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስም አነበበ፣ ፊቴን አየት አደረገና በአማርኛ "የኛ ልጅ ነህ?" አለኝ። አዎ ስለው ከኪሱ የሲጋራ ፓኮ የምታክል ጥቁር ነገር አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ሱፐር ኤይት የሚባለው ፊልም ነበር፤ ስፋቱ ስምንት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ፣ ፈረንጆች ልጆቻቸው የልደት ሻማ ሲያጠፉ የሚያነሡበት ዓይነት። የሚያነሣባትን ካሜራ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው የሲያትል ሰፈር ውስጥ አንዲት ባልቴት የሟች ባላቸውን ዕቃ ደጃፋቸው ላይ ዘርግተው ሲሸጡ ነው ያገኛት። ካርቶን ውስጥ ከአሮጌ ጫማዎች ጋር ተቀላቅላ ነበር አለኝ። ያኔ አገሩ በሙሉ ወደ ቪዲዮ ይሮጥ ስለነበር የፊልም ካሜራ ዞር ብሎ የሚያይ አልነበረም።

እኔም አዋቂ መሆኔን ላሳየው ቸኮልኩ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ መጫወቻ ነው" አልኩት። "ዘመኑ የቪዲዮ ነው። የምር ሲኒማ እሠራለሁ የሚሉ ከሆነ ደግሞ አሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ነው የሚያስፈልግዎት። ይሄ ግድግዳ ላይ ሲሰፋ ይደበዝዛል። ድምፅ የለውም። አንዱ ፊልም የሚሄደውም ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ብቻ ነው።"

በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ፣ "በመጀመሪያ አንቱ አትበለኝ፤ ገና አርባ አልሞላኝም" አለ። ቀጥሎም፣ "ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ትንሽ ነው እንዴ? ውሸት የማስገባበት ቦታ እንዳይኖረኝ ነው እኮ የምወዳት" አለኝ። ደረሰኙን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተና ወጣ።

በኋላ እንደነገረኝ ደሴ ውስጥ በአንድ ሲኒማ ቤት ዘጠኝ ዓመት ፊልም አሳይ ሆኖ ሠርቷል። መሣሪያው ካለበት ጠባብ ክፍል፣ በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ በኩል ነበር ሸራውን የሚያየው። አንድ ፊልም ለሳምንታት ስለሚደጋገም ሃያኛው ላይ ሲደርስ ይሰለቸዋል። ያኔ ዓይኑን ከሸራው አውርዶ የተመልካቹን ጭንቅላት ማየት ጀመረ። ማን ሲፈራ ወደ ማን እንደሚጠጋ፣ ማን ሳቁን እንደሚይዝ፣ ማን ሰው እንዳያየው ዓይኑን እንደሚጠርግ። "ሲኒማ የተማርኩት በሰው ማጅራት ነው" ይል ነበር።

ያችን የመጀመሪያ ፊልሙን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሥራችን ስለነበረ ጥራቱን ለማየት በትንሿ ማሳያ ላይ አዞርኳት። ቢከን ሂል ካለው ቤታቸው ደረጃ ላይ ሴት ልጁ ተቀምጣ የጫማ ማሰሪያ ማሰር ትለማመዳለች። ታስራለች፣ ይፈታል። እንደገና ታስራለች፣ ይፈታል። ካሜራዋ ንቅንቅ አትልም፣ አትቀርብም፣ አትርቅም። በአምስተኛው ያዘላት። ልጅቷ ቀና ብላ አባቷን አላየችም፤ ተነሥታ ሮጣ ከሥዕሉ ወጣች። ባዶው ደረጃ ጥቂት ቆየና ፊልሙ አለቀ። ሌላ ምንም የለበትም። እኔ ግን ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተቀምጬ እንዲህ ያለ ነገር አላነሣሁም። መልሼ ጠቅልዬ እንደገና አዞርኳት። የያዘኝን ስሜት ስም ያን ቀን አላወቅሁትም ነበር።

ስሙን ያወቅሁት በዚያው ክረምት ነው። የኮሚኒቲያችን ማኅበር ሐይቁ ዳር ባለው ፓርክ ሽርሽር አዘጋጅቶ ሁሉንም ነገር በቪዲዮ እንድቀዳ እኔን ጠየቀኝ። ካሜራውን ትከሻዬ ላይ፣ መቅጃውን ወገቤ ላይ አንጠልጥዬ ጠዋት ከመጀመሪያው መኪና ጀምሮ አነሣሁ። ንግግሩን፣ ምግቡን፣ የልጆቹን ሩጫ፣ ሁሉንም። ጋሽ ኑሩም ነበረ። ትንሿ ካሜራው ኪሱ ውስጥ ነበረች። ሰው ሁሉ "መቼ ነው የምታነሣው?" እያለ ይቀልድበታል፤ እሱም "አንዲት ፊልም ናት ያለችኝ፤ ስትመጣ አነሣታለሁ" ይላል። ምን እንደምትመጣ የጠየቀው የለም።

ወደ ማምሻው ላይ ያገቡ ወንዶች ከላጤዎቹ ጋር ገመድ ጉተታ ገጠሙ። እኔ መሃል ገብቼ ገመዱን አነሣለሁ። ዞር ስል ጋሽ ኑሩ ጀርባውን ለገመዱ ሰጥቶ ቆሟል፤ ካሜራዋ የዞረችው ዳር ቆመው ወደሚያዩት ሴቶች ነው።

በሚቀጥለው እሑድ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱም ታዩ። የኔ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አሥር ደቂቃ እንደሄደ ሰው ወሬውን ጀመረ፤ ልጆች ተነሥተው መሯሯጥ ያዙ፤ ከፊሉ ሻይ ሊቀዳ ወጣ። ከዚያ ጋሽ ኑሩ ሦስት ደቂቃውን በነጭ አንሶላ ላይ አሳየ። ድምፅ የለውም፤ የሚሰማው የማሳያው መሽከርከር ብቻ ነው። በአንሶላው ላይ ሴቶች ባሎቻቸው ሲጎትቱ ያያሉ። አንዷ ጥርሷን ነክሳ አብራ ትጎትታለች። አንዷ እያፈረች ትስቃለች። አንዲት አሮጊት ልጃቸው ሲወድቅ እጃቸውን ዘርግተው ሊይዙት ይሞክራሉ፤ በመካከላቸው ሃያ ሜትር አለ። ይሯሯጡ የነበሩት ልጆች ተቀመጡ። ካለቀ በኋላ ሰው "ድገመው" አለ። ሦስት ጊዜ ደገመው።

እዚያ ቆሜ የቪዲዮ ገመዴን እየጠቀለልኩ ስሙን አወቅሁት። ቅናት ነበር።

ነገሩን ያባባስኩት ራሴ ነኝ። ሰው እንዳይጠረጥረኝ ብዬ ጋሽ ኑሩን ኮሌጅ ወስጄ ከአስተማሪዬ ከሚስስ ሃርደን ጋር አስተዋወቅሁት። በዕድሜ የገፉ፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ለሁለት ዓመት ሥራዬን ሲያዩ ከ"ኦኬ" ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ያን ጊዜ እኔ በኮሌጁ አሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ካሜራ አንድ ትልቅ ፊልም ጀምሬ ነበር፤ አንድ ስደተኛ ሻንጣ ይዞ በባሕር ዳር ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ወደ ውሃው ያያል። ባለሦስት እግሩን መቆሚያ የሚሸከም ሰው፣ ብርሃን የሚለካ ሰው፣ ሻንጣውን የሚያቀብል ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ሚስስ ሃርደን የጋሽ ኑሩን ሁለት ፊልሞች ካዩ በኋላ መብራቱን አላበሩም። በጨለማው እንደተቀመጡ ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቁት። እኔ ነበርኩ የማስተረጉምለት። "አውሮፕላን እናጸዳለን" አለ። "መንገደኛ ወርዶ ሌላው እስኪገባ ያለን ጊዜ ትንሽ ነው። እኛ ከወጣን በኋላ እዚያ ሰው እንደነበረ የሚያውቅ የለም። እሱን ነው የማነሣው።" ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። ለምን እንዲህ ያለ ነገር ለኔ አልታየኝም? ኤርፖርቱን እኔም አውቀዋለሁ እኮ።

ሚስስ ሃርደን በየፀደዩ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የከተማውን ትናንሽ ፊልሞች ያሳያሉ። ለሚቀጥለው ሁለታችንንም ጋበዙን። ለእኔ እስከዚያ ሁለት ዓመት አንድም ግብዣ አልመጣልኝም ነበር።

ያን መኸር ጋሽ ኑሩ በየሳምንቱ አንድ ፊልም ያመጣ ነበር። ካሜራዋን በጽዳት ባልዲው ውስጥ በጨርቅ ሸፍኖ ያስገባታል። የኔ ካሜራ ቢሆን በአውሮፕላኑ በር እንኳ አይገባም። በወንበሮቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ እሷ ግን በየትም ትሾልካለች፣ ሠራተኞቹም ለምደዋት ረስተዋታል። አለቃቸው አንድ ቀን ደርሶበት "ይሄ ምንድን ነው?" ሲለው፣ "ቁም፣ ላሳይህ" ብሎ እሱንም አነሣው። ሰውየው ከዚያ በኋላ ዓይቶ እንዳላየ ያልፋል። እያንዳንዷን ፊልም እኔ አጥባለሁ፤ እያንዳንዷን እያየሁ እቃጠላለሁ። ፓስተራችን ስለ ቅናት ሲሰብክ አንገቴን ደፍቼ እሰማና ሰኞ ተመልሼ እዚያው ነኝ።

ከሠራተኞቹ መካከል እትዬ ለተብርሃን የሚባሉ ነበሩ። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ አማርኛቸው የትግርኛ ቃና ያለው፣ ቀልደኛ ሴት። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሰናይት የምትባል ልጃቸውን ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። እሳቸውን በአካል ያገኘኋቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ግን ከማንም በላይ የማውቃቸው ይመስለኛል፣ በዚያች ፊልም ምክንያት።

ፊልሟ የመጣችው በኅዳር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ቀን ነው። ጋሽ ኑሩ ሲሰጠኝ፣ "ዛሬ የመጣች ይመስለኛል" አለኝ። አጥቤ አየኋት። ጠዋት ነው፤ ፀሐይ በአውሮፕላኑ መስኮቶች በአግድም ትገባለች። እትዬ ለተብርሃን ከፊት ያሉትን ሰፋፊ ወንበሮች እየጠረጉ ይመጣሉ። አንዱን ከጠረጉ በኋላ ቆሙ። ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። መጥረጊያ ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። በመጀመሪያ ጀርባቸው ቀጥ ብሎ ነበር፤ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ተደገፉ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። አልሣቁም። ፊታቸው ላይ ብርሃኑ ሲለዋወጥ፣ አንድ ሰው ከረጅም ሥራ በኋላ ራሱን ሲያገኝ ምን እንደሚመስል አየሁ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ተነሡ፣ የተቀመጡበትን ቦታ እንደገና ጠረጉና ሄዱ።

ማሳያውን አጠፋሁ። የኔ ስደተኛ ሻንጣውን ይዞ መቶ ዓመት በባሕሩ ዳር ቢመላለስ እዚህ እንደማይደርስ ገባኝ። ይህች ፊልም ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ውስጥ ስትታይ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሳጨበጭብ ታየኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ምሳ ወጥተው ነበር። ፊልሟን በወረቀት ጠቅልዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኳት።

በማግስቱ ጋሽ ኑሩ ሲመጣ ማጠቢያ ማሽኑ እንደበላት ነገርኩት። ሁለት አዲስ ፊልም በምትኩ ሰጠሁት። ፊቱ ጥቂት ጨለመ። ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገና፣ "አይዞህ ዳኒ። ማሽን ነው፣ አንተ ምን ታደርግ" አለኝ። የሰረቅሁት ሰው እኔን አጽናንቶኝ ወጣ።

ሌላ ቀን እንደገና እንዲቀመጡለት እትዬ ለተብርሃንን ለመናቸው። ተቀመጡ። ያችንም እኔ ነኝ ያጠብኳት። ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ወደ ካሜራዋ እያዩ ነበር። ጋሽ ኑሩ ካያት በኋላ "እሳቸውም እኔም ዋሸን" ብሎ ወደ ጎን አስቀመጣት። ለሚስስ ሃርደን በተሰባበረ እንግሊዝኛው ኮል አድርጎ፣ ከእነዚያ ሁሉ የሚያያይዘው የኤርፖርት ፊልም መሃሉ ስለጎደለ እንደማያሳይ ነገራቸው። ያን ሲነግረኝ ደስ አለኝ። ደስታው አንድ ቀን እንኳ አልቆየም።

እትዬ ለተብርሃን በታኅሣሥ ታመሙ። በየካቲት ሞቱ።

ለቅሶ ቤት ጋሽ ኑሩ፣ ሚስቱ ዘሃራና እኔ አብረን ተቀምጠናል። ሰናይት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ ከእንግሊዝኛ ጋር የተደባለቀ ነው። መጥታ ጋሽ ኑሩ ፊት ቆመችና፣ "ጋሼ፣ ማሚ ፊልም ያነሣኛል ትለኝ ነበር። ሶ... የሷ አለህ?" አለችው። አንዲት መልካም ነበረች፣ ማሽን በላት፣ ሌላ አለች ግን እሷን አትመስልም ብሎ መለሰላት። ሰናይት "ኦኬ" ብላ ወደ ሌሎቹ ሄደች። ፊልሟ ቤቴ፣ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ከሹራቦቼ ሥር ነበረች። ያኔ ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ። ሻይዬን ጠጣሁ።

በሚያዝያ የኔ ፊልም ታየ። አርባ ያህል ሰው ነበር። ጋሽ ኑሩ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ዘሃራንና ልጁን ይዞ ከፊት ተቀመጠ። ሲያልቅ ሰዉ በጨዋነት አጨበጨበ፤ ሚስስ ሃርደን "ኦኬ" አሉ። ወጥተን ደረጃው ላይ ስንቆም ጋሽ ኑሩ ስለ ፊልሜ ምን እንደሚል ሲያስብ አየሁት። ሊያሞግሰኝ ይፈልጋል፤ መዋሸት ደግሞ አይችልም። በመጨረሻ፣ "ውሃው ደስ ይላል፣ ዳኒ" አለኝ። ከልቡ ነው ያለው። ቤቴ እስክደርስ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ በቀጥታ ቢከን ሂል ሄድኩ። ዘሃራ በር ከፈተችልኝ። ጋሽ ኑሩ ጠረጴዛ ላይ ካሜራዋን ፈታትቶ ይወለውላል። ፊልሟን ፊቱ አስቀመጥኳት።

"የእትዬ ለተብርሃን ናት" አልኩት። "ማሽኑ አልበላትም። እኔ ነኝ የወሰድኳት።"

እጁ ቆመ። ዘሃራ በቆመችበት ቀረች። መወልወያውን አስቀመጠና፣ "ለምን?" አለኝ።

"ቀናሁብህ።"

ሌላ አልጠየቀም። ተነሥቶ መጋረጃውን ጎተተ፣ ማሳያውን አወጣ፣ ፊልሟን በጥንቃቄ አስገባት። ሦስታችንም ግድግዳው ላይ አየናት። እትዬ ለተብርሃን ጠረጉ፣ ቆሙ፣ ወደ በሩ አዩ፣ ተቀመጡ። ዘሃራ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሲያልቅ ጋሽ ኑሩ ፊልሟን መልሶ ጠቀለላት፤ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ ለእኔ ዘረጋልኝ።

"ለሰናይት ውሰድላት" አለኝ። "ራስህ ስጣት። ለምን እንደዘገየም ራስህ ንገራት።"

እኔ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። "ጋሽ ኑሩ፣ ያለ እሷ ፊልምህ አያልቅም እኮ። ኔጌቲቭ የላትም፤ ያለችው ይህችው ናት" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "እኔ ሳነሣቸው አይቻቸዋለሁ።"

በሩ ላይ ስደርስ ይቅርታ ለመጠየቅ ዞርኩ። ፊቱን አላዞረም። "ዛሬ ተናድጃለሁ" አለኝ። "ዛሬ አትጠይቀኝ። ሌላ ቀን ትመጣለህ።"

ሰናይት በሩን ግማሽ ከፍታ ነው ያነጋገረችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ምንም አላስቀረሁም። ቆርቆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ስታዳምጥ ቆየችና፣ "ሶ፣ ማሚ ሆስፒታል እያለች አንተ ጋ ነበር?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ለቅሶ ላይም?" አዎ አልኳት። በሩን ዘጋችው። ጋሽ ኑሩ ማሳያውን ተሸክሞ ሄዶ እንዳሳያት፣ እሷም ማሳያውን ለአንድ ወር ሳትመልስ እንዳቆየችው በኋላ ከዘሃራ ሰማሁ። ሰናይት ከዚያ ቀን በኋላ ሰላም ብላኝ አታውቅም። አልፈርድባትም።

ሦስት ሳምንት ያህል ጋሽ ኑሩ አልመጣም። ሌላ ማጠቢያ ቤት እንደሄደ እርግጠኛ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ግን በዚያው ሰማያዊ ቱታው ገባ። መቀበያው ላይ ሌላ ሠራተኛ ነበር፤ እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ሠራተኛው እጁን ሲዘረጋ ጋሽ ኑሩ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመና ጠበቀ። መጣሁ። ፊልሟን በሁለት እጁ ሰጠኝ። "ለሌላ ሰው ብትሰጥ አይሻልም?" አልኩት ዝግ ብዬ። "አንተ በደንብ ታጥባለህ" አለኝ። ይቅርታውን የሰጠኝ ያን ቀን መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ሌላ ጊዜም አላነሣውም፣ እኔም አላነሣሁት።

ከዚያ በኋላ ቅናቴ የተወኝ እንዳይመስላችሁ። አቅጣጫውን ነው የለወጠው። ድሮ በዓይኑ እቀናበት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የቀናሁት የበደለውን ሰው እንደገና ማመን በመቻሉ ነው። እኔ እሱን ብሆን ኖሮ ሌላ ፊልም በዚያ እጅ ላይ መልሼ አላስቀምጥም ነበር። የኤርፖርቱን ፊልም ጨርሶ ሳያሳየው ቀረ። ሚስስ ሃርደን ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፉለት። "ሌላ እሠራለሁ" ብሎ መለሰላቸው፤ ሌላ ሠራም። እኔ ሲኒማውን በዚያው ዓመት ትቼ ሙሉ ቀን ማጠቢያ ቤት መሥራት ጀመርኩ። የሰው ፊልም ሳጥብ እጄ ጥሩ እንደሆነ ያኔ ነው የታየኝ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ የዘሃራ ወንድም ሚኒሶታ ሥራ አገኘሁላችሁ ስላላቸው ተነሡ። ጋሽ ኑሩ ሊሰናበተኝ መጣ፤ አንዲት ፊልም ከአዲስ አድራሻው ጋር ሰጠኝ። "ስትደርስልህ በፖስታ ላክልኝ" አለ። ተቃቀፍን። 

በማግስቱ አጠብኳት። እንደ ልማዴ ትንሿ ማሳያ ላይ አዞርኳት። መጀመሪያ የምን መስኮት እንደሆነ አልለየሁትም። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ የኛን ማጠቢያ ቤት ነው ያነሣው። በመስታወቱ ውስጥ አንድ ሰው አለ። ታጥቦ የደረቀ ፊልም ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያያል፤ ከንፈሩ የሚቆጥር ይመስል ይንቀሳቀሳል። ጠርዙ ላይ ትንሽ ጉድፍ አየና በጨርቅ ጫፍ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እንደ ሕፃን ዓይን ቀስ አድርጎ አነሣት። እንደገና ወደ ብርሃን ከፍ አደረጋት። ደስ አለው። እኔ ነበርኩ። ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ሙሉ ካሜራዋ ከእኔ ላይ አልተነቀለችም።

ያን ሰው አላውቀውም ነበር። ጋሽ ኑሩ ያንን ሁሉ ካደረግሁበት በኋላ መንገድ ዳር ቆሞ እንዲህ ያየው ሰው ማን ይሆን ብዬ ቀናሁበት።

ፊልሟን አንሥቼ በእጄ ያዝኳት። ኔጌቲቭ የላትም፤ ያለችው ያችው ናት። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ኮቴም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ በካርቶን ጠቀለልኳት፤ አድራሻውን ቀስ ብዬ በትላልቅ ፊደል ጻፍኩበት። የምሳ ሰዓት እስኪደርስ አልጠበቅሁም። አለቃዬን አስፈቅጄ ፖስታ ቤት ሄድኩ፣ ሰልፍ ያዝኩ፣ ተራዬ ሲደርስ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ፊልሟንም፣ ጋሽ ኑሩንም አላየኋቸውም።